እናቴ ያልተሳፈረችበት በረራ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከጉርድ ሾላ ወረድ ብሎ ባለው ትምህርት ቤታችን፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ የሰኔን ፈተና ሳርም ነበር። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድባል። አጠገቤ የነበረችው ዘንድሮ የተቀጠረችው የባዮሎጂ መምህርት ቃልኪዳን ናት። ከእናቷ ጋር ዱባይ ለመሄድ ርካሽ ትኬት በስልኳ ስታስስ ሰንብታለች። ድንገት ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው።

«መምህር ናሆም፣ በዚህ ዋጋ የቀሩት ሁለት ወንበሮች ብቻ ናቸው ይላል! ቶሎ በለኝ፤ ለእናቴ ‹የቤተሰብ ስም› የሚለው ላይ ምን ልጻፍ?»

«ፓስፖርቷ ላይ ያለውን። እያየሽ ገልብጪ።»

«ፓስፖርቷ ገና አልወጣም እኮ። ቀጠሮዋ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

«እንግዲያው አትግዢ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። እስከ መስኮቱ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ሄድኩ። ሰው ያለፈውን ነገር አልፎታል ይባላል፤ እግር ግን ሁልጊዜ አይስማማም።

ነገሩ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ገና ሁለተኛ ዓመቴን የማስተምር የሒሳብ መምህር ነበርኩ። ላምበረት አውቶቡስ ተራ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ወላጅ እናቴ ወይዘሮ ዘነበች ደግሞ ተወልዳ ባደገችበት፣ አባታችንንም አግብታ እኛን በወለደችበት፣ ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል ባለው ሰፈር ትኖራለች። አባታችን ደምሴ ካረፈ ቆይቷል። ያለችኝ አንዲት እህት ትዕግሥት ናት፤ ሻርጃ ውስጥ ትሠራ ነበር። እዚያው የአገሯን ልጅ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ከአሥራ አምስት ቀን ውስጥ አሥሩን በረሃ ለበረሃ ነው።

የመውለጃዋ ጊዜ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነበር። እናቴ ይህን የሰማች ቀን የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ ሳልኖር አትወልድም።»

እናቴ እንጦጦን ለቅቃ ከሄደች ሩቅ ቢባል ደብረ ሊባኖስ ነው። ቋንቋውንም አውሮፕላን ጣቢያውንም ስለማታውቅ አብሬያት እንድሄድ ተወሰነ። ክረምት በመሆኑ ትምህርት ተዘግቷል፤ ጊዜ አለኝ። የሌለኝ ሌላው ነገር ነበር። ስለዚህ ርካሽ አየር መንገድ መፈለግ ጀመርኩ። አንዱ ዘንድ የደርሶ መልስ ዋጋው ከሌሎቹ በግማሽ ያነሰ ሆኖ አገኘሁት።

የዚህ ዓይነቱ አየር መንገድ አሠራር ቀላል ነው፤ ያኔ ለሰው ሁሉ ሳስረዳ ነበር። የሚሸጥልህ ወንበሩን ብቻ ነው። ምግብ ለብቻው ነው፣ ሻንጣ ለብቻው ነው፣ ከእናትህ አጠገብ መቀመጥም ለብቻው ነው። ሻንጣ ካልገዛህ በእጅህ ይዘህ የምትገባው ሰባት ኪሎ ነው፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ አይበልጥም። ጎን ለጎን የምንቀመጥበትን ከፈልኩ፤ ሻንጣውን ግን ተውኩት።

ትኬቱን የገዛሁት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቴ ቤት፣ በላፕቶፕ ነው። ገንዘቡን ከካርዷ የከፈለችልን ትዕግሥት ናት፤ ቁጥሩን በስልክ ነገረችኝ። የእናቴ ፓስፖርት ያኔ ገና በቀጠሮ ላይ ነበር። ገጹ ግን «የቀሩት ሦስት ወንበሮች» እያለ ያዋክበኛል። እናቴ ከኋላዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የእኔን ስም ሞላሁ፦ ናሆም፤ የቤተሰብ ስም፣ በላቸው። በላቸው የአባቴ አባት ነው። ከዚያ የእሷ ተራ ደረሰ፦ ዘነበች። የቤተሰብ ስም?

በሌላው ዓለም አንድ ቤተሰብ አንድ ስም እንደሚጋራ፣ ሚስትም በባሏ ስም እንደምትጠራ አንብቤ አውቃለሁ። «እማዬ፣ ፈረንጆቹ የሚፈልጉት የቤቱን ስም ነው» ብዬ በሰፊው አስረዳኋት። እሷም ምስሯን እየለቀመች «አንተ ታውቃለህ» አለች። በላቸው ብዬ ጻፍኩ። ተጫንኩት። አለቀ።

ፓስፖርቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣ፤ ቪዛውም በእሱ መሠረት ተሠራ። ሁሉንም በላስቲክ አቃፊ ውስጥ በቅደም ተከተል አስቀመጥኩ፦ ፊት ትኬት፣ ቀጥሎ ቪዛ፣ ቀጥሎ ፓስፖርት። ከአሥር ጊዜ በላይ አውጥቼ ቆጥሬያቸዋለሁ። አንዱን ከአንዱ አጠገብ አድርጌ ግን አላነበብኩም። ሥርዓት የሚወድ ሰው ስህተቱንም በሥርዓት ነው የሚያስቀምጠው።

የመጨረሻው ሳምንት የጎረቤት ሳምንት ነበር። እኛ ሰፈር ሰው ዓረብ አገር ሊሄድ ነው ከተባለ፣ ዓረብ አገር ልጅ ያላት እናት ሁሉ በላስቲክ የተቋጠረ ነገር ይዛ ትመጣለች፤ አንዷ በርበሬ፣ አንዷ ሽሮ፣ አንዷ ድርቆሽ። እምቢ ማለት ነውር ነው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ስለ ሰባት ኪሎ አስረዳለሁ፤ እናቴ ውስጥ ሆና በእፍረት ትሸማቀቃለች።

«ሰባት ኪሎ?» አሉ ከአጥሩ ማዶ ያሉት እትዬ አስካለ፣ ሁለት ኪሎ በርበሬያቸውን አቅፈው። «ለሰባት ኪሎማ እግረኛ መላክ ይሻል ነበር! ይሄ አውሮፕላን ነው ወይስ እርግብ?»

ቅቤው ሌላ ጣጣ ነበር። ለአራስ ገንፎ ቅቤ የግድ ነው፤ ፈሳሽና ቅባት ግን በእጅ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ይህንንም ለእናቴ አስረዳኋት። በማግሥቱ የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ አሽታ፣ ጠጠር ያለ ጭኮ አድርጋ ጠበቀችኝ። «በል እንግዲህ፣ ይፍሰስ እስቲ» አለችኝ። ከእሱ ሌላ የገንፎ ዱቄት፣ የአጥሚት ዱቄት፣ ለሕፃኑ የተፈተለ ጋቢ፣ ለራሷም አንድ ቀሚስ ያዘች። ላምበረት መንገድ ዳር ሰው ከሚመዝኑት ዘንድ ወስጄ፣ አንዴ ቦርሳውን ይዤ፣ አንዴ ሳልይዝ ቆሜ ቀነስኩ፤ ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ። የእኔ ቦርሳም እንዲሁ፤ ግማሹ መጽሐፍ ነበር። የሚዛኑ ባለቤት በእሳት የሚጠበስ የበቆሎ እሸት እየበላ «ጌታዬ፣ ስትቀንስ የራስህን ጭንቀት አልቀነስክም» አለኝ።

የበረራው ቀን ደረሰ። በትኬቱ አሥራ አምስት ሰዓት ከአሥር ነው፤ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ማለት ነው። ከእንጦጦ በጭጋግ ወርደን፣ በጭቃ ተንሸራተን፣ አምስት ሰዓት ላይ ቦሌ ደረስን። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። የመጀመሪያው በር ላይ ያለው ጥበቃ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ይግቡ፣ እናቴ» አላት። የመጀመሪያ ስሟን ብቻ ነው ያነበበው።

ሰልፉ ላይ ከፊታችን የቆመችው ሴት ራሔል ትባላለች። ጉርድ ሾላ የልብስ ሱቅ አላት፤ በየወሩ ትመላለሳለች። በነሐሴ ብርድ እንኳ የሚበዛ ሁለት ጃኬት ደራርባ ለብሳ፣ በኪሶቿ ቻርጀርና ጫማ ወትፋለች።

«የለበስከውን አይመዝኑም» አለችኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ አውሮፕላን አይምሰልህ። ክንፍ ያለው ሚኒባስ ነው። የቀረው ‹ጠጋ ጠጋ በሉ› የሚል ረዳት ብቻ ነው።»

እናቴ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጎልቶ የሚታወሰኝ ይህ ሳቋ ነው።

ካውንተሩ ጋ ያለችው ልጅ ትሑት ነበረች። የእኔን ወረቀት አይታ መለሰችልኝ። የእናቴን አየች፣ ፓስፖርቷን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች።

«እማማ፣ ስምዎን ሊነግሩኝ ይችላሉ?»

«ዘነበች።»

«የአባትዎ?»

«አየለ። አየለ ወልዴ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «ትኬቱ ዘነበች በላቸው ነው የሚለው። ፓስፖርቱ ዘነበች አየለ ወልዴ። በሲስተሙ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።»

ማስረዳት ጀመርኩ፤ በላቸው አያቴ መሆኑን፣ ‹የቤተሰብ ስም› የሚለውን እንዴት እንደተረጎምኩት።

እናቴ ግን ወዲያው ገባት። «ጭራሽ የአማቴን ልጅ አደረግኸኝ?»

«እንዲያ ከሆነማ፣ እማማ፣ ያገቡት ወንድምዎን ነው» አለች ራሔል ከጎን። የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ካውንተሩ ጋ ያለችውም ልጅ ሳቋን ዋጠች። እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

«ይስተካከላል አይደል?» አልኩ።

«እኛ እዚህ መቀየር አንችልም። በኢንተርኔት የተገዛ የሚስተካከለው በስልክ ማዕከላቸው ነው። ቁጥሩ ይኸው። አዲስ ትኬት ልቁረጥ ካልክም…» ዋጋውን ጻፈችልኝ። የአምስት ወር ደመወዜ ነበር። «ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ እንዘጋለን።»

ሰዓቴን አየሁ። ሰባት ሊሆን ነው።

ስልኩ የውጭ አገር ነው። ይጠራል፣ በዓረብኛ ያወራል፣ በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ከዚያ ሙዚቃ። አንድ ቦታ ቆሜ መጠበቅ አቃተኝ። ከካውንተሩ እስከ መስታወቱ በር፣ ከበሩ እስከ ካውንተሩ፣ ሙዚቃውን በጆሮዬ ይዤ እመላለሳለሁ። ሒሳቤ አልቆ ስልኩ ተቋረጠ። ራሔል ሰልፏን ጨርሳ መግባት ስትችል ቆማ ነበር፤ ስልኳን ሰጠችኝ። እንደገና ሙዚቃ። ለትዕግሥት ደወልኩ፤ ካርዷ ላይ የቀረው ለአስቤዛ ብቻ ነው። ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ትንሽ ማስተካከያ ነው» ብዬ ዋሸኋት። እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ በዓይኗ ትከተለኛለች፤ ልክ ሐኪም ቤት ውስጥ ሐኪሙን እንደምትከታተል አስታማሚ።

በመጨረሻ አንድ ሰው አነሣ። የስም እርማት ጥያቄ በኢሜይል እንደሚቀርብ፣ መልሱም በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እንደሚሰጥ ነገረኝ። አመሰገነኝም። ስምንት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ይቀራል።

እናቴ ፊት ቁጢጥ አልኩ። «እማዬ፣ አልሆነም። እንመለስ። ገንዘብ እንፈልግና…»

«መቼ?»

«በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት…»

«ማሕፀን ቀጠሮ ይሰጣል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአንተስ ስም ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ግን ብቻዬን ምን ላደርግ? እኔ ወንድ ነኝ።»

እናቴ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። አያቴ፣ የእሷ እናት፣ እሷን በወለደች በአምስተኛው ቀን መሞቷን አውቅ ነበር። የማላውቀው የዚያን ጊዜውን ነው። ጊዜው ክረምት ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ የእናቷ ዘመዶች መሻገር አልቻሉም። ቤት ውስጥ የነበረው አባቷ አየለ ብቻውን ነው።

«ገንፎውን ያገነፋላት እሱ ነው። እሷ ብታርፍም እኔን በላም ወተት፣ በጥጥ እያጠባ ያሳደገኝ እሱ ነው። ሰው ሳቀበት። ወንድ አይችልም አሉት። እኔ ይኸው ነኝ።» ቦርሳዋን ከጭኗ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። «ተነሥ። መጽሐፍህን አውጣ።»

አውሮፕላን ጣቢያው ወለል ላይ ቦርሳዎቻችንን ገለበጥን። የእኔ መጽሐፎች ወደ እሷ፣ የእሷ ዱቄት ወደ እኔ። ራሔል አብራን ተንበርክካ ታጭቃለች፤ ጋቢውን አንገቴ ላይ ጠቀለለችው፣ ሸሚዞቼን ሦስቱንም አስለበሰችኝ። እናቴ ደግሞ ትናገራለች። ሕይወቴን ሙሉ እሷን ሳስረዳ የኖርኩት እኔ፣ ያን ዕለት በትኬት ወረቀቷ ጀርባ ላይ እንደ ተማሪ ጻፍኩ።

«ውሃው ከጨው ጋር ይንተክተክ። ዱቄቱን በአንድ ጊዜ አትድፋው። አንድ እጅህ ይበትን፣ አንድ እጅህ ያማስል። ድስቱን እስኪለቅ አማስል፤ ክንዴ ዛለ ብለህ እንዳትተው። ሆዷን ማሰሩን ሴት ጠይቃ ታስደርግ፤ አንተ አትነካካ። እና ብቻዋን እንዳትተዋት። አራስ ብቻዋን አትተውም። ይኼን ጻፍከው?»

«ጻፍኩት።»

«ከሥሩ አስምርበት።»

አሰመርኩበት። ግንባሬን ስማኝ ተነሣች። በመስታወቱ በር በኩል ስትወጣ አየኋት፤ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ የእኔን የሒሳብ መጽሐፎች በቦርሳ ተሸክማ፣ ወደ አንዱ ትከሻዋ ዘንበል ብላ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ጉልበቴ ከፊቴ ያለውን ወንበር ይነካል። ሦስት ሸሚዝ ለብሼ ላብ ያጠምቀኛል፤ ውሃ እንኳ በሽያጭ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሰዉ ከየቦርሳው ዳቦና ቆሎ እያወጣ ወንበር ለወንበር መቀባበል ጀመረ። ራሔል ከኋላ መጥታ ድፎ ቆርሳ ሰጠችኝ። ከዚያ አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር አየች፤ ያን ተጨማሪ የከፈልኩበትን።

«እዚህ ልቀመጥ? የእኔ ጎረቤት ያንኮራፋል።»

«ሰው አለበት» አልኳት። ሳላስበው ነው። አየት አደረገችኝና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሦስት ሰዓት ከምናምን ሙሉ የባዶውን ወንበር ቀበቶ ስፈታና ስቆልፍ ሻርጃ ደረስን።

ትዕግሥት ሆዷን በእጇ ደግፋ በሩን ከፈተች። አቀፈችኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ኮሪደሩን አየች።

«እማዬስ?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ፎርሙ፣ ስለ መጀመሪያ ስምና ስለ ቤተሰብ ስም፣ ስለ ሃያ አራቱ ሰዓት። አረፍተ ነገሮቼ ሁሉ ትክክል ነበሩ። እሷ ግን አሁንም ኮሪደሩን እያየች ነው።

«ናሆም፣ እማዬ የት ናት?»

«እንጦጦ» አልኩ።

እዚያው በሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከእኔ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ከሚያስፈልገው ውጭ አላወራችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሴት ልጅ ወለደች። በሰላም። ባሏ ከበረሃ የደረሰው አመሻሽ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ገንፎዬ ጓጓላ ነበር። ሁለተኛው አረረ። ለሦስተኛው ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቆምነው፤ እናቴ እትዬ አስካለ ቤት ሆና፣ ምስሉ እየተቆራረጠ፣ «አማስል! አትቁም! ምነው እጅህ ፈዘዘ!» ትላለች። ከኋላዋ እትዬ አስካለ «በርበሬዬን ብትወስድ ኖሮ ይጣፍጥ ነበር!» ይላሉ። ትዕግሥት አልጋዋ ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ በላች። እናቴ ወዲያ ማዶ፣ ስልኩን ፊቷ ላይ አስጠግታ፣ ልጇ እያንዳንዷን ጉርሻ ስትውጥ ተመለከተች። እኔ ማማሰያውን ይዤ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ።

ትምህርት ቤት እስኪከፈት እዚያው ቆየሁ። አንድም ቀን ብቻዋን አልተውኳትም። ይህንን ሥራዬን በደንብ ሠራሁ፤ ግን የእኔ አልነበረም።

በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ስህተቴ ፎርም አለማወቅ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። አይደለም። እናቴ ከኋላዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስሟን ልጠይቃት እችል ነበር፤ በእኔና በእሷ መካከል የነበረው አንድ ክንድ ነው።

ቅዳሜ ዕለት እንጦጦ ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል፤ ባሕር ዛፉ ይንጠባጠባል። ትዕግሥት ዘንድሮ መጋበዣ ልካለች፤ ልጅቷ አሁን ትልቅ ሆናለች፣ ሴት አያቷን ማየት ትፈልጋለች። ትኬቱን በዚህ ጊዜ ከአየር መንገዱ ቢሮ፣ ሰው ፊት፣ ፓስፖርቱን ይዤ እንደምቆርጥ ለእናቴ ነገርኳት። ሻንጣም እንደሚኖራት።

ጎመን እየቀነጠሰች ሰማችኝ።

«ልጅቷ ትምጣ፣ እዚህ ታየኛለች» አለች። «አሁን ብሄድ እንግዳ ነኝ። ያኔ ብሄድ እናት ነበርኩ።»

ለክፉ ብላ አይደለም የተናገረችው። የጎመኑን ቅጠል እንደምትለየው ነው የለየችው። ከዛፎቹ በላይ አንድ አውሮፕላን ወደ ቦሌ እየወረደ አለፈ፤ እሷ ቀና አላለችም። እኔ ተነሥቼ ነበር።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ምን ያቁነጠንጥሃል?» አለችኝ።

አፌን ለማስረዳት ከፈትኩ። ዘጋሁት። አጠገቧ ተቀመጥኩና ጎመኑን መቀንጠስ ጀመርኩ።